ነርቩ ከተቃጠለ በኋላ ወገቤ ስንት ወር ያርፋል?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ጥያቄ፦

ውድ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 58 ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ፓርኪንግ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ወገቤን ካመመኝ አራት ዓመት አለፈ። በግራ በኩል ይጠዘጥዘኛል። አንዳንዴ ወደ መቀመጫዬ ይወርዳል፤ ከጉልበቴ በታች ግን ወርዶ አያውቅም። ስምንት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ «የታችኞቹ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች አርጅተዋል» ተባልኩ።

አሁን ሐኪሙ ነርቩን በሙቀት እናቃጥለው ይላል። ከዚያ በፊት ሁለት የሙከራ መርፌ አለ። አንደኛውን ባለፈው ወር ወሰድኩ። መኪና ውስጥ ስገባ ቀሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ስነሳ ህመሙ ተመልሷል። በማግስቱ ነርሷ ደውላ «ስንት ፐርሰንት ተሻለዎት?» አለችኝ። እኔ «ተመስገን ነው» አልኩ። ልጄ ስልኩን ተቀብላ «90» አለቻት፤ ኢንሹራንሱ 80 ካልሞላ አይከፍልም ተብለን ስለነበር ነው። ሁለተኛው መርፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ይህንን አሠርተዋል። አንደኛው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይሰግዳል፣ ይነሳል። ሌላዋ በስድስት ሳምንቷ ወደነበረችበት ተመለሰች። እኔ እንደ ማንኛቸው እንደምሆን አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አለ? ነርቭ ሲቃጠልስ እግሬ ሽባ አይሆንም ወይ?

መልስ፦

ጋሼ፣ የመጨረሻውን ላስቀድም። እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ ይመስለኛል።

የሚቃጠለው ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ አይደለም። አከርካሪያችን ከኋላ በኩል፣ በየደረጃው ግራና ቀኝ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉት። ፋሴት ይባላሉ። ስንታጠፍና ስንዞር የሚንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው። የእነሱን ህመም ወደ አእምሮ የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። አንዱን መገጣጠሚያ ሁለት ነርቮች ያገለግሉታል፤ ለዚህ ነው ለአንድ መገጣጠሚያ ሁለት ቦታ የሚወጉት። ትልቁ የእግር ነርቭ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ትንሿ ደግሞ ወደ ኋላ ትዞራለች፤ መርፌው የሚፈልገው እሷን ነው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የህመም ክሊኒክ፣ መርፌ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ 14 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሐኪሙ ሙቀቱን ከመልቀቁ በፊት በትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈትሻል። ያኔ የጀርባ ጡንቻ ቱክ ቱክ ይላል። የእኔ ሥራ በሽተኛው እግር ላይ እጄን አሳርፌ መጠበቅ ነበር። እግር ከተንቀጠቀጠ መርፌው ይነሳና እንደገና ይተከላል። እግር ጸጥ ካለ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ይለቀቃል። አደጋ ፈጽሞ የለውም አልልም፤ መርፌ መርፌ ነው። ግን በጥንቃቄ ከተሠራ እግር ሽባ የማድረጉ ነገር እጅግ የተጋነነ ፍርሃት ነው። ይልቅ የሚያጋጥመው ቦታው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እንደተመታ መሆኑ፣ አንዳንዴም ቆዳው እንደ ፀሐይ ቃጠሎ መለብለቡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ስንት ወር?

ነርቩ ይበቅላል። የተቃጠለው ሽቦው እንጂ ሥሩ ስላልሆነ ቀስ ብሎ ተመልሶ መንገዱን ያገኛል። ስለዚህ «ለዘለቄታው ይፈውሳል» ያለዎት ሰው ካለ ተሳስቷል። የሠራለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያርፋል። ከዚያ በላይ የሚቆይለትም አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅዎ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሴትየዋ ግን ሌላ ነው። በስድስት ሳምንት ነርቭ አይበቅልም። በስድስት ሳምንት ከተመለሰ፣ ወይ ነርቩ በደንብ አልተቃጠለም፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያውኑ ህመሙ የሚመጣው ከዚያ መገጣጠሚያ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ያየሁት ሁለተኛውን ነው።

የእርስዎ ጥያቄ መልስ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ማን ረጅም ጊዜ እንደሚያርፍ ማወቅ ማለት፣ ህመሙ በእርግጥ ከዚያ መገጣጠሚያ መሆኑን ማወቅ ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ኤምአርአይ አይነግረንም። በእኔና በእርስዎ ዕድሜ ያለ አብዛኛው ሰው ቢነሳ፣ የወገቡ መገጣጠሚያዎች አርጅተው ይታያሉ፤ ምንም የማያመውም ጭምር። የሚነግረን የሙከራ መርፌው ነው። በእያንዳንዷ ነርቭ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ማደንዘዣ ይንጠባጠባል። ያቺ ጠብታ ለጥቂት ሰዓት ነርቧን ታስተኛለች። በእነዚያ ሰዓቶች ወገብዎ ምን ይላል? ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ሙከራ ብቻውን ግን ያታልላል። ጥናቶቹ እንደየአገሩ ቢለያዩም፣ በአንድ መርፌ «ተሻለኝ» ካሉት ከሦስቱ የአንዱ ያህል በሁለተኛው ሲፈተሽ ውሸት ሆኖ ይገኛል። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም። ጋደም ማለት በራሱ ያሳርፋል። ተስፋ ያሳርፋል። ሐኪም መዳሰሱ ያሳርፋል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የሚደረገው። አንዳንድ ሐኪሞች በአንዱ ቀን ቶሎ የሚያልቀውን ሊዶኬይን፣ በሌላው ቀን የሚቆየውን ቡፒቫኬይን ይጠቀማሉ። የእርስዎ እፎይታ ከመድኃኒቱ ዕድሜ ጋር አብሮ ከረዘመና ካጠረ፣ ምልክቱ ጠንካራ ነው።

እና ጋሼ፣ የመጀመሪያው ሙከራዎ ምንም አልነገረንም። ይህንን ስል እያዘንኩ ነው። መርፌውን ወስደው ቤት ገብተው ተኙ። ወገብዎ የሚያምዎት ተኝተው ነው? አይደለም። ሲነዱ፣ ሲቆሙ፣ ሻንጣ ሲያነሱ ነው። ማደንዘዣው የሠራባቸውን ሰዓቶች አልጋ ላይ ጨረሷቸው።

የእናቴን ልንገርዎት። ያኔ 71 ዓመቷ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእህቴ ጋር ትኖራለች። እኔ ሌላ ቦታ ስለምሠራ ወደ ሌላ ክሊኒክ ነው የሄደችው። ለሙከራው መርፌ ፈራች ብለው የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። እስከ ማታ ስትንጎላጅ ዋለች። በማግስቱ ሲደውሉ «ተመስገን፣ ምን እላለሁ» አለች። እህቴ ከኋላዋ ሆና «መቶ በመቶ» አለች። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ነርቩ ተቃጠለ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፣ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ምንም የለም። በኋላ አንድ ሐኪም ጫማዋን ስታደርግ አያትና ዳሌዋን አዞረው። ጮኸች። ህመሟ ከብሽሽቷ ነበር የሚነሳው። የዳሌ መገጣጠሚያዋ ነው ያለቀው። አንድ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ በር ስናንኳኳ ከረምን። እኔ፣ ሥራዬ ይህ የሆነው ሰው፣ እነዚያን ሁለት የስልክ ጥሪዎች አላዳመጥኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእኛ ሰው «ስንት ያመዎታል?» ሲባል ቁጥር አይናገርም። «ተመስገን» ይላል። ጨዋነት ነው፤ እምነትም ነው፤ እወደዋለሁ። ለእግዚአብሔር የምንሰጠው መልስ ግን በሐኪም ወረቀት ላይ ሲጻፍ «ድኗል» ተብሎ ይነበባል። ይሉኝታም አለ። ሐኪሙ ደክሞልኛል፣ አልተሻለኝም ብዬ እንዴት ላሳፍረው እንላለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ ያልተሻለውን ተሻለኝ ማለትም መደበቅ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ቀን እንዲህ ያድርጉ።

ከሁሉ በፊት ክሊኒኩ ደውለው የልጅዎ 90 የእርስዎ ቁጥር እንዳልሆነ ይንገሩ። «ተኝቼ ነበር፣ አላወቅሁም» ይበሉ። ሙከራው ይደገም ሊሉ ይችላሉ። ይደገም። ኢንሹራንሱ ቢያስቸግርም፣ የማይሠራ ነገር አሠርቶ ሁለት ወር ከማጣት ይሻላል። ልጅዎ ክፉ አላሰበችም፤ አባቷ እንዲድን ነው። ግን የሕክምና አስተርጓሚ ይጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ለአባቷ አታስተረጉምም፤ ነገሩን ወይ ታከብደዋለች፣ ወይ ታሳምረዋለች።

የሚያስተኛ መድኃኒት እንዳይሰጥዎ ይጠይቁ። ቀጫጭን መርፌ ነው፣ ይቻላል። በዚያ ጠዋት የህመም ማስታገሻ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዋጥ ካደረጉ መሻሉ የማንኛው እንደሆነ አይለይም። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን በራስዎ እንዳያቆሙት፤ ሐኪሙን ብቻ ይስሙ።

ከመሄድዎ በፊት ህመሙን ይቀስቅሱት። እንግዳ ምክር ይመስላል። ህመም ሳይኖርዎ ከሄዱ ግን ምን እንደጠፋ በምን ይለካል? ከዚያ መርፌው እንዳለቀ አይተኙ። ሰው መኪና ይንዳልዎ፣ በዚያ ቀን እርስዎ እንዳይነዱ። ግን ከጎኑ 40 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ትንሽ ያዙርዎት። ከዚያ ወርደው ይቁሙ። ከሱቅ 12 ጠርሙስ ውሃ የያዘውን ካርቶን ያንሱ። ዝቅ ብለው የጫማዎን ክር ይሰሩ። አራት ዓመት ያስለቀሰዎትን ነገር ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይሞክሩ። የሕይወትዎን አንድ ዓመት የሚወስነው ይህ ከሰዓት ነው።

በየግማሽ ሰዓቱ ይጻፉ። ሰዓቱን፣ ምን እንዳደረጉ፣ ቁጥሩን። ዜሮ ማለት ምንም አይሰማኝም ነው። አሥር ማለት መናገር እስኪያቅት ነው። ፐርሰንቱን እርስዎ አያስሉ፤ ቁጥሩን ብቻ ይስጧቸው። ማወቅ ከፈለጉ ግን ቀላል ነው። ጠዋት 8 የነበረ ወደ 2 ከወረደ 6 ቀንሷል፤ ስድስት ከስምንት 75 ፐርሰንት ነው። 75 ከሆነ 75 ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የእኛ ጣጣ ስለሆነ። ሰዓቱን በፈረንጅ ይጻፉ፤ ወይም በግልጽ «በሀበሻ ሰዓት» ይበሉ። አንዲት እናት ደብተራቸውን አምጥተው «ከ4 እስከ 7 ምንም አላመመኝም» ብለው ጽፈው ነበር። መርፌውን የወሰዱት ጠዋት 10 ሰዓት ነው፤ በእሳቸው አቆጣጠር 4 ሰዓት። ሐኪሙ አራት ሰዓትን ከሰዓት በኋላ አድርጎ አነበበው። «መርፌው ከተወጋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የተሻላቸው፣ ይህ የማደንዘዣው ሥራ አይደለም» አለ። ውድቅ ሊያደርገው ነበር። እኔ በአጋጣሚ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አስረዳሁት፣ ሥዕል ሠርቼ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር አረፉ።

የቃላት ነገርም አለ። አማርኛችን ለህመም ሀብታም ነው፤ ሀብቱን ይጠቀሙበት። «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ይቆረጥመኛል»፣ «ስነሳ ይይዘኛል» የሚለው፣ ወገብና መቀመጫ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች ጋር ይሄዳል። «ይነዝረኛል»፣ «እንደ ኤሌክትሪክ ይወርዳል»፣ «ጣቴ ደነዘዘ» የሚለው ደግሞ የትልቁን ነርቭ መታነቅ ያመለክታል፤ ይህ ሕክምና ለዚያ አይደለም። የእርስዎ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ይመስላል። አስተርጓሚው «ፔይን» ብሎ እንዳያልፍዎት።

ከመርፌው ውጭ ምን ምልክት አለ? ጥቂት አለ። 192 ሰዎች የተካተቱበት፣ በ2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ከአከርካሪው ጎን ያለውን ሥጋ ሲጫኑት የሚያማቸው የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ቀድሞ የወገብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት፣ ህመሙ ብዙ ዓመት የቆየባቸው ደግሞ ዝቅ ያለ። ወደ ኋላ ሲለጠጡና ሲዞሩ የሚብስባቸውስ? ብዙ ሐኪም ይህንን እንደ ጥሩ ምልክት ነው የሚያየው። በዚያ ጥናት ግን ውጤታቸው አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ወደ ኋላ ተለጥጠው «አመመኝ» ስላሉ ብቻ «ይኼው ፋሴት ነው» ብሎ የሚደመድም ሐኪም አያሳምነኝም። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰውነት በሙሉ መታመም፣ ለረጅም ጊዜ ከባድ ማስታገሻ መውሰድ ሁሉ ውጤቱን ያደክማሉ። ከእነዚህ ያለብዎት ካለ አብሮ ይታከም።

የሐኪሙ እጅም አንዱ ምልክት ነው። መርፌው ነርቩን አቋርጦ ሳይሆን ከነርቩ ጎን ለጎን ተጋድሞ ሲቀመጥ ብዙ ይነካል፣ ብዙ ያቃጥላል። «መርፌውን ከነርቩ ጋር ትይዩ ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም። ጥሩ ሐኪም ሥዕሉን አውጥቶ ያሳይዎታል።

አሁን የማይመቸውን ልናገር፤ ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። በዚህ ሕክምና ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በ2000 በወጣ አንድ ጥናት፣ በጥብቅ ሁለት ሙከራ የተመረጡ 15 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ 60 ፐርሰንቱ ከአንድ ዓመት በኋላም ህመማቸው ቢያንስ በ90 ፐርሰንት ቀንሶ ተገኘ። ድንቅ ነው፤ ግን 15 ሰው ነው። በ2017 ደግሞ በሆላንድ 251 የመገጣጠሚያ ህመምተኞች ላይ ተጠና። ግማሾቹ ስፖርት ብቻ፣ ግማሾቹ ስፖርትና ማቃጠል። ከሦስት ወር በኋላ የሚያወላዳ ልዩነት አልተገኘም። ተቺዎች «አንድ ሙከራ ብቻ አድርገው፣ 50 ፐርሰንት የተሻለውን ሁሉ አስገቡ፤ ያልሆነ ሰው ገባ» ይላሉ። በ2025 «ቢኤምጄ» የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው ቡድን፣ ለቆየ የጀርባ ህመም ይህንን ሕክምና እንዳይሰጥ አጥብቆ መከረ። የህመም ሐኪሞች ማኅበራት ተቃወሙ። የእንግሊዝ ጤና ተቋም የ2016 መመሪያ ግን ሌላው ሳይሠራ ሲቀርና የሙከራ መርፌው ሲሳካ ሊታሰብ ይችላል ይላል። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ደግሞ ሁለት ሙከራና በእያንዳንዱ 80 ፐርሰንት መሻል ይጠይቃል።

80 ግን አስማት የለውም። 262 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከ50 እስከ 79 ያሉትንና 80 እና ከዚያ በላይ ያሉትን አወዳድሮ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ይህ መጀመሪያ ሳነበው ግራ አጋባኝ። ዛሬ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ አልጋ ላይ ተኝቶ የተገኘ 90፣ ካርቶን አንስቶ የተገኘን 60 አያህልም። የእኔ ፍርድ ነው፤ ከ14 ዓመት ዓይን የመጣ።

እንግዲህ ሁለተኛው ቀን በእውነት ከተሳካልዎ፣ እኔ ብሆን አሠራዋለሁ። ካልተሳካ አላሠራውም፤ ልጄም ብትለምነኝ። ካሠሩት ደግሞ ሦስት ሳምንት ይታገሱ፤ መሻሉ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ሲመጣም ወደ ፊዚዮቴራፒው ይመለሱ። ያን ጊዜ ያልቻሉትን እንቅስቃሴ አሁን ይችሉታል።

ጥያቄ፦

ሲስተር፣ 31 ዓመቴ ነው፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወገቤን ሲያመኝ እስከ እግሬ ጣት ይነዝረኛል፤ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች። ጓደኛዬ «ነርቭ የሚያቃጥሉ ሐኪሞች አሉ፣ ብር አጠራቅመሽ ሂጂ» አለችኝ። ልሂድ?

መልስ፦

እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። አንቺ የምትነግሪኝ ከላይ «ይነዝረኛል» ያልኩትን ነው። ምናልባት ዲስክ ትልቁን ነርቭ ተጭኖት ይሆናል። የመገጣጠሚያዎቹን ትንንሽ ነርቮች ማቃጠል ለዚህ አይረዳሽም። መጀመሪያ ሐኪም እግርሽን ይመርምር፤ በተረከዝሽ ቁሚ፣ በጣትሽ ቁሚ ይበልሽ። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ይሻለዋል። አሠሪዎችሽን ከባድ ነገር ከመሬት ማንሳት ለጊዜው እንደማትችዪ ንገሪያቸው፤ የሐኪም ወረቀት አጽፈሽ ብትይዢ ይበጃል። ይህንን ግን አጥብቄ ልንገርሽ፤ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም አልወጣ ካለሽ፣ በእግሮችሽ መሀል ከደነዘዘሽ፣ እግርሽ በድንገት ከሰነፈ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ማንም ሥራሽን ጨርሺ ቢልሽ እንዳትሰሚ።

ጥያቄ፦

ሲስተር፣ እኔ ከሚኒያፖሊስ ነኝ፣ 66 ዓመቴ ነው። የወገቤን ነርቭ አሠርቼ አሥር ወር ያህል ደህና ነበርኩ። አሁን ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው ይሠራል? ወይስ እየደከመ ይሄዳል?

መልስ፦

አባቴ፣ አሥር ወር ማለት ነርቩ በጊዜው በቀለ ማለት ነው፤ ምርመራውም ሥራውም ትክክል ነበር። ለሁለተኛው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። በ2004 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት፣ ሃያ ሰዎችን ሕክምናው ሲደጋገምላቸው ተከታትሎ ነበር። ከ85 ፐርሰንት በላዩ እንደገና ሠርቷል፤ የቆየበትም ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ፣ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ነበር። ትንሽ ጥናት ቢሆንም በክሊኒካችን ካየሁት ጋር ይገጥማል።

ሜዲኬር ለመድገም ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ የ50 ፐርሰንት መሻል ይፈልጋል። ስለዚህ መቼ እንደተሻለዎ፣ መቼ መመለስ እንደጀመረ በወር ለይተው መናገር ይኖርብዎታል። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ፤ ህመሙ ያው የድሮው ነው? ቦታው ከተቀየረ፣ ወደ ሌላው ጎን ወይም ወደ እግር ከሄደ፣ ከመድገም በፊት እንደ አዲስ ይመርመሩ።

ደብተር ካልያዙ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ጫማዎን ማሰር ያቆሙበትን ወር፣ እንደገና የጀመሩበትንም ወር ያስታውሱ ይሆናል።